መኪናው የባንክ፣ ፈረሱ የውሰት

ነገሩን ከሁለት ፎቶግራፎች ልጀምር።

ቆሰበር ታላቅ እህቴ ቤት የገባ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ከቴሌቪዥኑ በላይ በተሰቀሉት ሁለት ትልልቅ ፎቶዎች ላይ ነው። በአንደኛው የበኩር ልጇ ወፍራም ካፖርት ለብሶ፣ በረዶ በሸፈነው ደጅ ላይ፣ ነጭ መኪና ተደግፎ ይስቃል። ከኋላው ሰፊ ቤት ይታያል። በሁለተኛው ደግሞ አባትየው፣ ማለትም አማቼ፣ በጥር 23 በዓል በተሸለመ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ነፍተዋል። ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በአዊ ምድር ፈረስ እንዲሁ የጭነት ከብት አይደለም። የሰው ክብር የሚቀመጥበት ነው።

የልጁ ፎቶ ከአሜሪካ መጥቶ እዚህ ተሰቀለ። የአባትየው ፎቶ ደግሞ ከዚህ ሄዶ፣ ሳውዝ ዳኮታ በሚባል ግዛት፣ ሲዩ ፎልስ በምትባል ከተማ፣ ልጁ ሳሎን ውስጥ ተሰቀለ። ሁለቱንም በየተሰቀሉበት አይቻቸዋለሁ። ማንም አልቀባባቸውም፣ ማንም ቆርጦ አልቀጠላቸውም። ነገር ግን መኪናው የባንክ ነው፤ ፈረሱ ደግሞ የውሰት። አማቼ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው የራሳቸውን ፈረስ ሸጠው ነበር። ያን ዕለት የጎረቤት ፈረስ ላይ ሰው ደግፎ አወጣቸው፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሰው ደግፎ አወረዳቸው። «ለልጁ እንዳትነግሩት፤ በሰው አገር ይጨነቅብኛል» አሉ። እኛም አልነገርነውም።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኼ ነው። ሰው አንዲት ቃል ሳይዋሽ ሰውን ሊያታልል ይችላል ወይ? ከቻለስ ጥፋቱ የማነው? ጥያቄውን የማነሣው እንደ ዳኛ ሆኜ አይደለም። ከተከሳሾቹ አንዱ እኔ ነኝ።

በ2011 ዓ.ም ኅዳር ላይ ሦስት ሳምንት እዚያው እህቴ ልጅ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ልሄድ ስል ሰፈሩ ሁሉ አደራ ሰጠኝ። ግማሹ ሽሮና በርበሬ፣ ግማሹ ሰላምታ። አንዱ ጎረምሳ ግን ምንም አልላከም፤ «ጋሼ፣ ፎቁን ብቻ በቪዲዮ አንሣልኝ» አለኝ። እኔም ከአውሮፕላን ወርደን ወደ ቤት ስንነዳ ዓይኔን ወደ ላይ እንዳንጋጠጥኩ ቆየሁና፣ «ከተማው የሚጀምረው የት ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የእህቴ ልጅ ሳቀና «ጋሼ፣ አልፈነው እኮ መጣን» አለኝ።

ለካስ አብዛኛው አሜሪካ እንዲህ ነው። እኛ አሜሪካ ስንል ኒውዮርክ ትመጣብናለች፣ ወይም ደግሞ ዘመድ የበዛባት ዋሽንግተን። ሲዩ ፎልስ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 192,517 ሕዝብ ነበራት። ስሟን ያገኘችው በመሐሏ ከሚያልፈው የቢግ ሲዩ ወንዝ ፏፏቴ ነው። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ሲሉ በቆሎና አኩሪ አተር ዓይን እስኪሰለች ተዘርግቷል። ሰዉ ሲገናኝ ስለ ዝናብ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ከብት ዋጋ ያወራል። አቤት፣ አንድ ቀን ቁርስ ቤት ተቀምጬ የሁለት ሽማግሎችን ወሬ ሳዳምጥ፣ እንግሊዝኛውን ትቼው ቢሆን ኖሮ የቆሰበር የገበያ ቀን ነው ባልኩ ነበር። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ወሬው የድንች ዋጋ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ስለዚህች ዓይነት ከተማ እዚህ የምናስበውንና እዚያ ያየሁትን ላስተያየው።

መጀመሪያ መኪናው። እኔ ቆሰበር ውስጥ መኪና የለኝም፤ ጎድሎብኝም አያውቅ። ገበያው በእግሬ ነው፣ ሲዘንብ ባጃጅ አለ። እዚያ ግን ከቤት እስከ ሥራ፣ ከሥራ እስከ ሱቅ በእግር የሚሆን አይደለም። ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ የሚወርድባቸው ቀኖች አሉ። አውቶቡስ ቢኖርም ሌሊት ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ስለዚህ መኪና ማለት እግር ማለት ነው። መኪና ተደግፎ ፎቶ መነሣት እኛ ዘንድ በክረምት የጭቃ ቦቲ አድርጎ ፎቶ እንደ መነሣት ነው። ቦቲ ያደረገ ሰው ጭቃ እንዳለበት እናውቃለን እንጂ ሀብታም ነው አንልም። የልጁን ፎቶ ስናይ ግን ጭቃውን ማየት አልቻልንም።

ቀጥሎ ቤቱ። «ገዛ» ተብሎ እህቴ ዘንድ ድግስ ተደግሶ ነበር፤ እኔም በልቻለሁ። እዚያ ስደርስ እንደተረዳሁት «ገዛ» ማለት ለሠላሳ ዓመት በየወሩ ሊከፍል ፈረመ ማለት ነው። ይኼ ነውር የለበትም፤ አገሬው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ነገር ግን የኛ «ገዛ» እና የነሱ «ገዛ» አንድ ቃል ሆነው ሁለት ነገር ናቸው።

ደግሞ ገንዘቡ። የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የሰዓት ዝቅተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ብዙ ግዛቶችና ብዙ ቀጣሪዎች ከዚያ በላይ ይከፍላሉ። እኛ ይቺን ይዘን በብር እናባዛለን። በቀን እናባዛለን፣ በወር እናባዛለን፣ ከዚያ ራሳችንን እንይዛለን። ወጪውን ግን ማንም አያባዛውም። የቤቱን ክፍያ፣ የመኪናውን ኢንሹራንስ፣ የጤናውን ኢንሹራንስ፣ የሕፃን ማዋያውን በዶላር እንተወዋለን። «ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ርካሽ ናት፣ ገንዘብ ይጠራቀማል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ኪራዩ ከትልልቆቹ ከተሞች ይቀንሳል፤ ያለ መኪና አለመኖሩ ደግሞ የቀነሰውን መልሶ ይወስደዋል።

በሌላ ወገን ደግሞ «ሲኦል ነው፣ ሰው ለሰው ሰላም አይባባልም» የሚሉ አሉ። ይኼም ሐሰት ነው። የእህቴ ልጅ ሌሊት ሠርቶ ሲመለስ ደጁ ላይ የተከመረውን በረዶ ጎረቤቱ ጠርጎለት አገኘሁ። እሱም በሌላ ቀን ለጎረቤቱ ሲጠርግ አየሁ። እሑድ ማኅበር ነበረ፣ እንጀራ ነበረ፣ ሐሜትም ነበረ፤ አገር ቤት ያለው ሁሉ በትንሹ አለ። የሚጎድለው ሰዓት ነው። ባልየው ሌሊት ይሠራል፣ ሚስትየው ቀን ትሠራለች። ማለዳ ደጅ ላይ ሲተላለፉ ሕፃኑን ይቀባበላሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱን አንድ ማዕድ ላይ ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ነው።

ጎረቤቲቱ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ አያቶቻቸው ከኖርዌይ የመጡ ባልቴት ናቸው። አንድ ቀን ቡና ጠጥተን ስናወጋ ልጆቻቸው የት እንዳሉ ጠየቅሁ። አንዱ ሚኒያፖሊስ፣ አንዷ ዴንቨር ነው አሉኝ። «እዚህ ምንም የለም ብለው ሄዱ» አሉና ሳቁ። ይቺን ዐረፍተ ነገር የት ነው የማውቃት ብዬ አሰብኩ። ቆሰበር ውስጥ በየቀኑ የምሰማት ናት! የኛ ልጅ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ የሚመኛት ከተማ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ «እዚህ ምንም የለም» ብሎ ይወጣል። መካከለኛ ከተማ፣ አሜሪካም ሆነ አዊ፣ ሕይወት ሌላ ቦታ ናት የሚባልባት ከተማ ሳትሆን አትቀርም።

ባልቴቲቱም በተራቸው ስለኛ ጠየቁኝ። «እናንተ ዘንድ ዝናብ የሚባል ነገር አለ?» አሉ ከልባቸው አዝነው። ኢትዮጵያ ብለው የሚያውቁት የ1977ቱን ረኃብ የቴሌቪዥን ምስል ነው። እኔ የመጣሁት ክረምቱ ልብስ የማያደርቅበት፣ ጉሙ ከጎረቤት የሚጋርድበት ከተማ መሆኑን ማስረዳት አቃተኝ። በስልኬ የዘንገናን ሐይቅ ፎቶ አሳየኋቸው። «እርግጠኛ ነህ ኢትዮጵያ ነው?» አሉኝ። ተቀየምኩ። ቆይቼ ግን እሳቸውም እንደኛው የተሰቀለላቸውን ፎቶ አምነው መኖራቸው ገባኝ።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና።

የእህቴ ልጅ በ2000 ዓ.ም በዲቪ ከመሄዱ በፊት ዳንግላ ውስጥ ሒሳብ ያስተምር ነበር። አሜሪካ ገብቶ ሥራ ሲይዝ ለእናቱ በስልክ «ጤና ላይ ነው የምሠራ» አላት። ከዚያ በኋላ ቃሉ በእህቴ ቤት ቡና ላይ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በአቦሉ «ጤና ላይ ነው» ተባለ። በቶናው «ሐኪም ነው» ተባለ። በረካው ላይ «ዶክተር» ሆኖ አረፈው። ልጁ «ዶክተር ነኝ» ብሎ አያውቅም። እህቴም «ዶክተር ነው» ብላ አታውቅም። ሰዉ «የዶክተሩ እናት» ሲላት ግን ዝም አለች። እሱም ይኼን በስልክ ሲሰማ ዝም አለ።

በሰነበትኩ በሦስተኛው ሌሊት «ጋሼ፣ ሥራዬን ላሳይህ» ብሎ በመኪናው ወሰደኝ። የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ከደጅ ሆኖ በመስኮቱ አሳየኝና ነገረኝ። መነሣት የማይችሉ ሽማግሎችንና ባልቴቶችን ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ያጎርሳል፣ ልብስ ይቀይራል። ስሞታ አላሰማኝም። ከሥራው የሚወዳቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ ሒሳብ እየጠየቁት ያነጋሉ። «አባባ እንዳይሰማ ግን አደራ» አለኝ። ለምን ብለው፣ «መምህር አድርጎ አስተምሮኝ የሰው ሽንት ቤት ሊያመላልስ ነው ወይ የሄደው ይላላ» አለኝ። ቃል ገባሁለት። 

ስለ ሲዩ ፎልስ በአንድ ወቅት ዓለም ሁሉ ሰምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮሮና ጊዜ፣ 3 ሺህ 700 ያህል ሰው ይሠራበት የነበረው የስሚዝፊልድ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ በወረርሽኙ ተዘጋ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ባወጡት ሪፖርት ሠራተኞቹ 40 ያህል ቋንቋ ይናገሩ ነበር። ከዋና ዋናዎቹ ዐሥር መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናምኛ ነበሩ። የሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት እንዳስታወቀው ቢያንስ 1,294 ሠራተኞች ታመዋል፤ አራት ሞተዋል። በአገራቸው እርስ በርስ መስማማት ያቃታቸው ቋንቋዎች በአንድ የሥጋ መቁረጫ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመው እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት። የእህቴ ልጅ እዚያ አይሠራም። ግን አሰብኩ፤ እነዚያ ሠራተኞችም እኮ በየሳሎኑ የተሰቀለ ፎቶ አላቸው። ፎቶው ላይ ያለው በረዶው፣ መኪናው፣ ቤቱ ነው። ቢላዋውን ይዞ ፎቶ የላከ ስንቱ ይሆን?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ፣ ደራሲ ከሚጽፈው ይልቅ የሚተወው ብዙ ይናገራል እል ነበር። ከልብ ወለድ ውጭም እንደሚሠራ ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

እዚህ ላይ ፈላስፋ ልጥቀስ፤ ካንትን። ካንት ዕድሜውን ሁሉ ከኮኒግስበርግ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የኖረ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። የለንደኑን የዌስትሚንስተር ድልድይ ሲገልጽ የሰማ አንድ እንግሊዛዊ፣ «ለንደን ስንት ዓመት ኖረዋል?» ብሎ ጠየቀው ይባላል። ያላየውን አገር እንዲህ አጥርቶ ማወቅ የተቻለው ለማወቅ ስለፈለገ ነው። እኛም ማወቅ አቅቶን አይመስለኝም። ይኸው ካንት ስለ ውሸት የማይደራደር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው ጽሑፍ፣ ነፍስ ለማዳን እንኳ ቢሆን መዋሸት አይፈቀድም ብሎ ተከራክሯል። ዝምታን ግን ለየት አድርጎ ያየው ነበር። በ1766 ለወዳጁ ለሜንደልሶን በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሚያስበው ብዙውን ለመናገር ድፍረቱ ላይኖረው እንደሚችል፣ የማያስበውን ግን ፈጽሞ እንደማይናገር ገልጾለታል።

እኔም ለብዙ ዓመት በዚህ ተጽናንቼ ኖርኩ። የእህቴ ልጅ አልዋሸም። አማቼ አልዋሹም። እህቴ አልዋሸችም። እኔም አልዋሸሁም። ካንት ፊት ብንቀርብ ሁላችንም ነፃ እንወጣ ነበር ብዬ አስብ ነበር።

ነፃ የማልወጣው ታናሽየው ፊት ነው።

የእህቴ ትንሹ ልጅ በ2006 ዓ.ም የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር። ታላቅየው ያን ጊዜ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ለወንድሙ ማመልከቻ አስገባለት። ሕጉ ለዜጎች ወንድሞችና እህቶች በዓመት የሚፈቅደው ቪዛ ለዓለም ሁሉ 65 ሺህ ነው፤ ወረፋው ከዐሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ልጁ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻንጣ ላይ ተቀመጠ። ከአንዲት ልጅ ጋር ይተጫጫሉ ስንል «ልሄድ አይደል እንዴ፣ ምን አሳሰራት» አለ። ዩኒቨርሲቲው በ2010 ዓ.ም እንጅባራ ላይ ተማሪ ሲቀበል፣ በማታው ትማርበታለህ ብንለው «ያገር ቤት ዲግሪ እዚያ አይሠራም» አለ። አባቱ ከሰጡት ቁራሽ መሬት ላይ ዲከረንስ ትከል ተባለ። ያን ጊዜ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ሁሉ እየተከለ ከሰል አክስሎ አዲስ አበባ ይልክ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በመሐሉ ጤፍ ይዘራበታል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ይደርሳል። «አምስት ዓመት? እኔ እዚህ ልኖር?» አለ።

ከሲዩ ፎልስ በተመለስኩ በሳምንቱ ይኸው ልጅ ቤቴ መጣ። በሩን ዘግቶ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ አንተ አይተሃል። እውነቱን ንገረኝ። እንዴት ነው የሚኖረው? ምንድን ነው የሚሠራው?» አለኝ።

ምን አልኩት መሰላችሁ? «ደኅና ነው። እግዜር ይመስገን። ሰው እንደየዕድሉ ነው።»

ከዚህ ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው? ደኅና ነው፤ እውነት ነው። እግዜር ይመስገን፤ እሱም ልክ ነው። ሰው እንደየዕድሉ ነው፤ ማን ይክዳል? ሦስት እውነት ደርድሬ አንድ ወጣት ሸኘሁ። ለወንድሙ የገባሁትን ቃል ጠበቅሁ ብዬም ደስ አለኝ። ሥራውን ሳልጠቅስ ስለ ሠላሳ ዓመቱ ዕዳ፣ ስለ ሌሊቱ ሥራ፣ ስለ ወረፋው ርዝመት ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ተስፋውን መንካት ከበደኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ አይቀር፣ «አሜሪካ ደርሶ መጣ» መባሌን ወድጄው ነበር። ያየሁት አሜሪካ ባነሰ ቁጥር እኔም የማንስ መሰለኝ።

ከአምና በፊት በነበረው ክረምት አማቼ ወድቀው አልጋ ያዙ። ጉልበታቸው ብቻ አልነበረም፤ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። የሚያነሣቸው፣ የሚያጥባቸው ታናሽየው ነበር። ጀርባቸው መቁሰል ሲጀምር ከእንግዲህ መደበቅ አልተቻለምና እህቴ ለታላቅየው ደውላ እያለቀሰች ነገረችው። ስለ ፈረሱም ያኔ ነገረችው።

እሱም በቪዲዮ ስልክ ገባ። ስልኩን እኔ ይዤዋለሁ። «ጋሼ፣ ከወገቡ በታች አሳየኝ» አለ። ከዚያ ወንድሙን ያዝዘው ጀመር። ክንድህን እዚህ አስገባ። ወደ ራስህ ጎትተው፤ አትግፋው። ጉልበቶቹ መሐል ትራስ አድርግ። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ቀይርለት፤ ሌሊትም ቢሆን። አታሸው፤ በለብ ባለ ውኃ ብቻ አርሰህ አድርቀው። ድምፁ እንደ አስተማሪ ነበር። አማቼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና «ይኼን ሁሉ የት ተማርኸው?» አሉት።

ስልኩ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ ሥራዬ እኮ ይኸው ነው» አለ በመጨረሻ። «ዶክተር አይደለሁም። መነሣት ያቃታቸውን ሽማግሎች ነው የማጥብ። ዐሥራ ምናምን ዓመቴ ነው።»

አማቼ መጀመሪያ በአውኚ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉተመተሙ። ከዚያ በአማርኛ፣ «የሰው አባት ታጥባለህ?» አሉት። «አዎ አባባ።» «የማይዛመድህን?» «አዎ።» ትንሽ ቆዩና «ተባረክ» አሉት። «ታዲያ ይኼ የሚደበቅ ነው? እኔ ዶክተር አላልኩህ፤ እነሱ ናቸው ያሉህ።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሁሉ አለቀስን። እኔ ግን ያለቀስኩት በሌላ ምክንያት ነው። ለካስ ልጁ ዐሥራ ምናምን ዓመት የደበቀው ነገር አባቱ የሚመርቁበት ሥራ ነበር! የሐሰቱ ሥዕል ሁለት ሠዓሊ ነበረው። አንዱ «ይንቁኛል» ብሎ የሚተው ነው፤ ሌላው የተተወውን በምኞቱ የሚሞላ። ጥፋቱን ሁሉ በስደተኛው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰው በእጁ ሠርቶ ማደርን እያፈርን፣ መኪናውን እያየን እያጨበጨብን፣ «ለምን እውነቱን አይነግሩንም» ማለት አንችልም። ሥራን የሚንቅ ቤት እውነት የሚደወልለት ቤት አይደለም።

ማታ ታናሽየው ሊሸኘኝ ወጣ። መንገድ ላይ «ጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ። «አውቅ ነበር» አልኩት። ብዙ ርቀት ዝም ብለን ሄድን። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም። «ብትነግረኝም እሄዳለሁ እል ነበር» አለ። «ሽማግሌ ማጠብ እኔንም አያስፈራኝ። ብቻ ችግኙን ተክዬ እጠብቅ ነበር።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሒሳቡን ሳልፈልግ እሠራዋለሁ። ማመልከቻው ከገባ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ ቢተክል ሁለት ጊዜ ቆርጦ ሦስተኛው ባደገለት ነበር። ያቺ ልጅ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ከሌላ ሰው። እኔን ከጠየቀኝ እንኳ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ዝምታዬ ዋጋ አለው ካላችሁ ዋጋው ይኼው ነው። የከፈልኩትም እኔ አይደለሁም።

አትሂዱ ማለቴ አይደለም። በዚህ ዘመን ለወጣት «አትሂድ» የሚል ሰው ቢኖር የት አገር እንደሚኖር ልጠይቀው ይገባል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ክልላችን በጦርነት ውስጥ ያየውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሰው ወጥቶ ይቀራል። ለመሄድ እውነተኛ ምክንያት ያለው ብዙ ነው። ሲዩ ፎልስም ለብዙዎች መልካም ከተማ ናት፤ የእህቴ ልጅ ልጆቹን በሰላም አሳድጎባታል። እኔ የምለው፣ ሰው ይሂድም ይቅርም በእውነተኛ ሒሳብ ይወስን ነው። ያ ልጅ የሚጠብቀውን ቢያውቅ፣ ዐሥራ ሁለቱን ዓመት ሻንጣ ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ቆሞ በጠበቀ ነበር።

ታዲያ ካንትስ? በደብዳቤው ያለው ለኔ ግማሽ መንገድ ነው። ያወቁትን ሁሉ ለሁሉ መናገር ግዴታ አይደለም። ለጎረቤት ሐሜተኛ ደመወዝህን አትነግረውም፤ የአባትህን ሕመም ገበያ ላይ አትለፍፍም። ነገር ግን አንድ ሰው በሩን ዘግቶ «እውነቱን ንገረኝ» ካለህ፣ በምትሰጠው ቃልም ዕድሜውን ሊሠራበት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ያንተ ዝምታ የግል ጉዳይህ መሆኑ ይቀራል። ዕዳ ይሆናል። የሌላውን ምስጢር ጠብቆ የራስን እውነት መናገር ይቻላል። እኔ የቻልኩትን አላደረግሁም።

አማቼ አሁን ትንሽ ተሽሏቸው በምርኩዝ ደጅ ይወጣሉ። ባለፈው ወደ እህቴ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ሁለቱ ፎቶዎች እንደተሰቀሉ ናቸው። በመሐላቸው ግን ሦስተኛ ተጨምሯል። ታላቅየው የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ። እህቴ «ሽማግሌው ናቸው አንሡን ያሉት፤ ሒሳብ የሚወዱት» አለችኝ። አንዲት ጎረቤት ቡና ላይ ፎቶውን አየት አድርጋ «በሽተኛውን ሊያክም ሲወስደው ነው?» አለቻት።

እህቴ ስኒውን አስቀመጠችና «ኧረ ሊያጥባቸው ነው» አለች።